ፈልቶ ያልጠራው ውሃ

ከደብረ ብርሃን ማለዳ በሚኒባስ ተነሳሁ። ሥራዬ ውሃ መመርመር ነው። በሞላሌ አቅራቢያ ካለች መንደር በመጣ የምንጭ ውሃ ናሙና ውስጥ ከማዳበሪያ የሚመጣ ናይትሬትና የአረም መድኃኒት አግኝተን ስለነበር፣ የከሰል ማጣሪያ ይዤ ልሞክር ነው የምሄደው። ከጣርማበር ወደ መንዝ ስንታጠፍ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሹፌሩ ፍሬን እየነካካ በዝግታ ነዳ።

ሞላሌ ላይ ሽሮ በልቼ፣ በገብሱ ማሳ መሀል ቁልቁል ወረድኩ። የተቀበለችኝ አስካለ የምትባል ወጣት እናት ናት። ጡቷ ለመንታዎቿ አልበቃ ስላለ የዱቄት ወተት በምንጩ ውሃ በጥብጣ ትጨምርላቸዋለች።

“እኔስ እጠነቀቃለሁ፣ እትዬ” አለችኝ ስለ ውሃው ስጠይቃት። “ውሃውን እስኪጎድል ድረስ ነው የማፈላው።”

ደነገጥኩ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያስወግድም። ውሃው ሲተን ጭራሽ በቀረው ውስጥ ናይትሬቱ ይበረታል። የምንጩን ውሃ በማጣሪያው አሳለፍኩት፤ የመድኃኒቱ ሽታ ጠፋ። የናይትሬት መመርመሪያ ወረቀቱን ስነክረው ግን ቀልቶ ደም መሰለ። ከሰሉ ናይትሬቱን አልያዘውም።

ነገርኳት። መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

“ታዲያ እስከ ዛሬ መርዝ ነው ያጠጣኋቸው?”

ናይትሬት ያፈነው ሕጻን ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፤ የመንታዎቹን አየሁ፤ አልጠቆረም። “ተመስገን፣ ደህና ናቸው። አንቺ የምታውቂውን ሁሉ አድርገሻል። ከእርሻው በላይ ሌላ ምንጭ የለም?”

“አለ። አቶ ጌጡ ግን ለበጎቻቸው አጥረውታል።”

መንታዎቹን አዝለን አብረን ወጣን። አቶ ጌጡ በርኖሳቸውን ደርበው አጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው።

“ያጠርኩት እንዳይረገጥ ነው፣ ልጄ” አሉኝ። “ለአንዱ ከተከፈተ ሁሉም ይመጣል።”

ወረቀቱን ከምንጩ ነከርኩት፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ። የታችኛው ውሃ ሕጻናቱን ሊያፍን እንደሚችል ነገርኳቸው። አቶ ጌጡ መንታዎቹን ትክ ብለው አዩአቸው።

“ለሕጻን ውሃ ከልክዬ በምን ዓይኔ ቅዳሴ እቆማለሁ?” አሉና እሾሁን መንቀል ጀመሩ። “አጥሩን አላፈርስም፤ በር አወጣለታለሁ። መድኃኒት መርጫ እዚህ ሲያጥብ ያየሁት ሰው ግን ወዮለት!”

አስካለ ጀሪካኗን ሞላች። ይህንንም ለጀርሙ ማፍላቷን እንዳትተው ነግሬያት፣ ናሙና ይዤ ተመለስኩ። ደብረ ብርሃን ስንመረምረው የአረም መድኃኒትም አልተገኘበትም። ወዲያው ደወልኩላት።

“ሰፈሩ በሙሉ እዚህ ነው የሚቀዳው” አለች እየሳቀች። “አቶ ጌጡ በሩ ላይ ተቀምጠው መርጫ የያዘውን ሁሉ ይመልሳሉ።”

ለታችኛው ምንጭ ናይትሬት የሚይዝ ማጣሪያ አሁንም እየፈለግን ነው። ዛሬ ግን ወደ አንድ መንደር ስገባ ማጣሪያዬን ከመፍታቴ በፊት፣ መጀመሪያ ከእርሻው በላይ ምንጭ ፍለጋ ሽቅብ እወጣለሁ።