ጓሳ እስኪከፈት

ወንድሜ ሁሉን ነገር ጓሳ ሲከፈት ይል ነበር። ሠርጉንም፣ ደስታውንም።

ቤቱን ስንሠራ እኔ አስረኛ ክፍል ነበርኩ። እሱ ድንጋይ ይክባል፣ እኔ ጭቃ አቀብላለሁ። ግድግዳው አለቀ፣ የጣሪያው እንጨት ቆመ። የቀረው የክዳን ሳር ነው። ሳሩ የሚታጨድበት የጋራ መስካችን ጓሳ ደግሞ ዝግ ነበር። እኛ አገር ሳሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሌዎች ክፍት ነው ካላሉ ማንም ማጭድ አያሳርፍበትም።

እጮኛው ግን ቸኩላለች።

«ለጊዜው በገለባ እንክደነው።»

«ገለባ ለበግ ነው። አንቺን የማስገባሽ ቤቱ የጓሳ ሳር ሲለብስ ነው።»

«የምታገባው እኔን ነው ሳሩን?»

«ሳሩ አይነዘንዝም።»

በሰኔ አንድ ቀን፣ ሦስታችንም እዚያው ሳለን ዝናብ ያዘን። ማዕዘኑ ላይ ተጠጋግተን አንድ ዝተት ተከናነብን። የገብስ ቆሎ ይዛ ነበር። ዝናቡ ገባበት፤ የራሰ ቆሎ እየበላን ሳቅን። በምን እንደሳቅን አላስታውስም። ወንድሜ ግን ቀና ብሎ ባዶውን ጣሪያ አየና፣ «ተከድኖ ቢሆን እንዴት ደስ ይል ነበር» አለ። እኔም፣ አዎ፣ አልኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ሳል ጀመረው። እናቴ ጤና ጣቢያ ሂድ አለችው። «ቤቱን ልክደንና» አለ። እኔም «ብርድ ነው እማ፣ ይለቀዋል» አልኩለት። ተማሪው እኔ ስለሆንኩ አመነችኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በጥር ቀበርነው።

አርባው ከወጣ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ጓሳ መከፈቱን ተናገሩ። ሌላ ጊዜ እልል ይባላል። እናቴን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

በእሱ ማጭድ አጨድኩ። ጎረቤት ሁሉ ከየድርሻው አንድ አንድ ሸክም ጨመረልን። እናቴ «ለማን ብለን ነው?» ስትል፣ ሽማግሌው «ግድግዳውን ዝናብ እንዳይበላው ነው፣ ልጄ» አሏት። በሁለት ቀን ከደንነው። ውስጡ ጨለመ፣ የሳር ሽታ ብቻ ሆነ።

እጮኛው ጥቁር ለብሳ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«ጥሩ ተከደነ» አለች።

«ገብተሽ እይው።»

ወደ ማዕዘኑ ተመለከተች። ደረቅ ነበር።

«በዝናቡ ጊዜ አይቼዋለሁ» አለችና ተመለሰች።