ለጀማሪዎች የጨዋታ ቡድን

እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ስወርድ፣ መቐለ ውስጥ ከእኔ በቀር የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነበርኩ። እኔም ሠርቼ አላውቅም፤ ግን ልሠራ ነበር። በሰፈራችን የወጣቶች ማእከል ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ተቆልፎባቸው አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ኃላፊውን ብለምናቸው፣ "ቡድን አቋቁም። መስከረም ላይ አንድ ያለቀ ጨዋታ ካላሳየኸኝ ክፍሉን ለልብስ ስፌት ሥልጠና እሰጠዋለሁ" አሉኝ። የራሴ ኮምፒውተር የለኝም። ክፍሉ ከሄደ ሕልሜም አብሮ መሄዱ ነው።

ማስታወቂያውን በአማርኛ ጻፍኩት፤ በትግርኛ ብጽፈው የተማርኩ መሆኔ በምን ይታወቃል? "የጨዋታ ቡድን ስለምናቋቁም ጀማሪዎች ተመዝገቡ" ብዬ በሩ ላይ ለጠፍኩ። በማግሥቱ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ከሁለቱ በቀር ሁሉም ታኬታ አድርገዋል።

"ሐወይ፣ ሜዳው የታለ?" አለኝ አንዱ።

ስለ ኮድ ማብራራት ጀመርኩ። ባብራራሁ ቁጥር ክፍሉ እየሰፋ ሄደ። በመጨረሻ ታኬታ ያላደረጉት ሁለቱና ጓንት ያጠለቀ አንድ በረኛ ቀሩ። በረኛው ከወሎ መጥቶ ገበያ ውስጥ ጫማ የሚሸጥ ልጅ ነው። ለምን እንዳልሄደ ጠየቅሁት።

"ወላሂ ዝናቡ ነው። ሲያባራ እሄዳለሁ" አለኝ።

ክረምቱን ሙሉ አላባራለትም።

እኔ የምሠራው ታላቅ የጦርነት ጨዋታ ነበር። ተራሮቹ ብቻ ሐምሌን ጨረሱት። በረኛው ደግሞ "መምህር፣ ኳሷ ግንቡን ለምን ትበሳዋለች?" እያለ ይጨቀጭቀኛል። አንድ በረኛ፣ አንድ ኳስና ብዙ ጭቃ ያለበት ነገር ይሠራል። ኳሷ ጭቃ ላይ ስትደርስ ትዘገያለች፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ይህ የሥራ ፈት ቀልድ እንጂ ጨዋታ እንዳልሆነ ሰው ፊት ነገርኩት። "እሺ መምህር" ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

መስከረም ላይ ኃላፊው መጡ። የእኔን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ አቃሰተና ደርቆ ቀረ።

"ትንሽ ይታገሡኝ፣ ተራሮቹ እየመጡ ነው" አልኳቸው።

"እኔ እዚሁ የተወለድኩ ነኝ፤ ተራራ ዐይቻለሁ። ሌላ የላችሁም?"

በረኛው የራሱን ከፈተላቸው። አንድ ጎል ገባባቸው። ሁለተኛም ገባባቸው። ኮታቸውን አወለቁ። ጸሐፊያቸው ልትጠራቸው ስትመጣ፣ "ስብሰባ ላይ ነው በያቸው" አሏት፣ ዐይናቸውን ከኳሷ ሳይነቅሉ።

ሲበቃቸው ተነሡና፣ "ክፍሉ የእናንተ ነው" ብለው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉ በእጄ ላይ አለፈና በረኛው መዳፍ ላይ አረፈ።

"በረኛ እያለ ቁልፍ ሌላ ሰው ይይዛል እንዴ?" ብለው ሳቁ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ክፍሉ በመትረፉ ደስ ሊለኝ ሲገባ ያዳነው ሰው አናደደኝ።

በማግሥቱ ቀድሜው ደርሼ ደጅ ቆምኩ። መጥቶ ከፈተልኝና "ግባ መምህር" አለኝ። አጠገቡ ወንበር ሳብኩ።

"ኳሷን ጭቃው ላይ እንዴት እንዳዘገየሃት አሳየኝ" አልኩት።

ዝናቡ ካባራ ሰንብቷል። ማስታወቂያው በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ ጀማሪዎች ተመዝገቡ ይላል። እኔ የተመዘገብኩት ያን ቀን ነው።