የሚስተር አርኔ ዜማ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ኢስት ዮርክ ሰፈር የምንከባከባቸው ክላይንቴ፣ ሚስተር አርኔ ቤት ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ የማላውቃት ሴት ነበረች። ከቫንኩቨር የመጣች ልጃቸው ናት። «አባቴ እሁድ ዕለት አረፈ» አለችኝ። ከቀጠረኝ ኤጀንሲ ማንም አልደወለልኝም...

ስራዬ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። ሚስተር አርኔን ሁለት ዊንተር አጥቤያቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጫቸዋለሁ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገጠር የተወለዱ የኖርዌይ ዘር ናቸው። ቫዮሊን ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው፤ አባታቸውን ደግሞ አያታቸው። ኖታ ብሎ ነገር የለም፣ ሁሉም በጆሮ ነው።

እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጫወት አቃታቸው። አንድ ቀን ቫዮሊኑን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡትና «አንቺ ያዢው፣ እኔ በአፌ እነግርሻለሁ» አሉኝ። ቸርች ውስጥ ከመዘመር በቀር ሙዚቃ አላውቅም ብላቸው አልሰሙኝም።

እሳቸው እያንጎራጎሩ፣ ወለሉን በእግራቸው እየመቱ፣ እኔ ድምፁን በጣቴ እየፈለግኩ... አንዷን ዜማ ለመያዝ ሰባት ወር ፈጀብኝ። የምንለማመደው ሺፍቴ ካለቀ በኋላ ነው። ቤት ብሄድ የሚጠብቀኝ የለም። እሳቸውም እኔ ከሄድኩ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው።

ልጅቷ አባቷ ሲጫወቱ የቀዳሁት ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ልጅ እያለች ሊያስተምሯት ሲሞክሩ እምቢ ትላቸው እንደነበር ነገረችኝ... ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም።

ቫዮሊኑን አነሳሁና ያቺኑ ዜማ ተጫወትኩላት።

መሃል ላይ ስደርስ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችኝ።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል።»

ይቅርታ ልላት ስል ቀጠለች።

«አባቴም እዚሁ ጋ ነበር የሚሳሳተው። አያቴ እስኪሞት ድረስ ሲያርመው ኖሯል።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስትረጋጋ ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት... ከነስህተቱ።

ቫዮሊኑን ይዛ ቫንኩቨር ተመለሰች። የቤተሰቧ ነው፣ ይገባታል። ኤጀንሲው በማግስቱ ኖርዝ ዮርክ ሌላ ክላይንት ሰጠኝ። ባስ ውስጥ ያቺን ዜማ በለሆሳስ አንጎራጉራታለሁ።

አሁን ብሳሳትም የሚያውቅብኝ ሰው የለም።