የጂንካው ሰማያዊ በር

ቅዳሜ ንጋት፣ አርባ ምንጭ

ሚኒባሱ መናኸሪያውን ሲለቅ ገና አልነጋም። እህቴ ምሥራቅ ትናንት ከጂንካ ደውላ ነበር። በድሮው አውሮፕላን ሜዳ ዳር ያለው የሱቆች ረድፍ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለመንገድ ሊፈርስ ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጥተዋል፤ አባታችን ግን ከሱቄ ንቅንቅ አልልም ብሏል። ግትርነቱን ስለማውቅ ሄጄ ላስወጣው ተነሳሁ። ስልኩን እንደሆነ አያነሳም።

ከኮንሶ ቁልቁል

መንገዱ ሲጠማዘዝ እኔ ሱቆቹን አስባለሁ። ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ጂንካ ላይ መሃል ከተማ ማለት እነሱ ነበሩ። በየበረንዳው ልብስ ሰፊዎች ፔዳል ይረግጣሉ። የካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ከጎረቤቱ ራዲዮ ጋር ይጣላል። መደርደሪያው ላይ ጨው፣ ምላጭ፣ ላምባ፣ በየቀለሙ ጨሌ። አውሮፕላን ሲመጣ ላሞች ከሜዳው ይባረራሉ፣ ነጋዴውም ደንበኛውን ትቶ ሊያይ ይወጣል። ደግ ዘመን ነበር፤ ወይም እኔ ልጅ ስለነበርኩ ይሆናል።

ረፋድ፣ ወይጦ ሳንደርስ

ጎርፍ አስፋልቱን አቋርጦ ይወርዳል። ከወዲህ ሙዝ የጫነ አይሱዙ፣ ከወዲያ ፍየሎቻቸውን የሚነዱ የፀማይ እረኞች ቆመዋል። ለሹፌሩ ለዘሪሁን የአባቴን ጉዳይ ነግሬ፣ በውሃው መሃል እንዲነዳ ለመንኩት።

«ወንድሜ፣ ከመሞት መሰንበት» አለኝና ሞተሩን አጠፋ።

ተናደድኩ። ልክ እንደሆነ ባውቅም ተናደድኩ።

ቀይ አፈር

ውሃው ሲጎድል ተሻገርን። ቀይ አፈር ከተማ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እኔ ምሥራቅ ጋ ደወልኩ። አፍራሽ ማሽኑ ከሱቆቹ ረድፍ ጫፍ ጀምሯል፤ አባዬ ደግሞ ሱቁ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮታል። ዘሪሁን ፊቴን አይቶ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ከሰዓት፣ ጂንካ

ሰፈሩ አቧራ ብቻ ሆኗል። ልብስ ሰፊዎቹ ይቀመጡበት የነበረው በረንዳ የለም። ማሽኑ የእኛ ሱቅ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ሥራውን የሚመራው ወጣት ፕሮግራማችን ተበላሸ እያለ ከምሥራቅ ጋር ይጨቃጨቃል። በሩን በጡጫ ደበደብኩ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ክፈትልኝ።»

ከፈተ። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ሸቀጡን ከረፋድ በፊት አውጥቷል። ወለሉ ላይ ግን ቅሎች፣ ትንንሽ የእንጨት መቀመጫዎችና የታሰሩ ቆዳዎች ተደርድረዋል። ገባኝ። ከገጠር በእግራቸው የሚመጡ የባና ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ዕቃቸውን አባዬ ጋ ያስቀምጡና ገበያ ሲፈታ ይወስዳሉ። ዛሬም እንደ ወትሮው አምጥተውለት ተቀብሏል።

ዕቃውን ምሥራቅ ቤት እናድርሰው አልኩት።

«የምሥራቅን ቤት የት ያውቁታል?» አለኝ። «እኔንም ቢሆን በስም አያውቁኝም። የሚያውቁት በሩን ነው። አደራ ተቀብዬ በሩ ላይ ሲያጡኝ፣ አደራ በላ ልባል?»

እኔና እህቴ ለሱቁ የሚያለቅስ መስሎን ነበር። አፈርኩ።

«እንግዲያው በሩን እንውሰደዋ» አልኩ።

አባዬ አየኝ፤ ከዚያ በሩን አየው። ዘሪሁን ከሚኒባሱ መፍቻ አመጣ። ማጠፊያው ዝጎ አልላቀቅ ሲል፣ ያ ወጣት በእጁ ምልክት ሰጥቶ ማሽኑን አስቆመና እሱም መጥቶ ገፋ። ሰማያዊውን የቆርቆሮ በር ተሸክመን መንገዱን ተሻገርን፤ አጥር ላይ አስደገፍነው፤ ዕቃውን ከሥሩ ደረደርን። ሱቃችን ወዲያው ፈረሰ። አባዬ ፍርስራሹን አየና በርጩማ ስቦ በሩ ሥር ተቀመጠ።

ገበያ ሲፈታ

መጀመሪያ የመጣችው ፀጉሯን በቀይ አፈርና በቅቤ የተቀባች አንዲት የባና ሴት ናት። ፍርስራሹ ፊት ቆመች። ወዲህ ወዲያ አየች። በሩን ስታይ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ፊቷ ላይ ግርምት አላየሁም። አባዬ ቅሏን ሰጣት። ተቀብላ ውስጡን እንኳ ሳታይ ራሷ ላይ አደረገችና፣ ከምታውቃት ጥቂት አማርኛ አንዷን ቃል መዝዛ፣

«ቅዳሜ» አለችው፤ በሳምንቱ እመጣለሁ ማለቷ ነው።

«እሺ፣ ቅዳሜ» አላት።

ሱቁ ሲፈርስ ያላለቀሰው አባቴ፣ እሷ ስትሄድ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።