ከካሜራው የወረደው ፍላሽ

ትናንት መሳቢያውን ስታጸጂ እነዚህን ሁለት ጥቁር ሳጥኖች አንጠልጥለሽ «ይሄ ይጣል?» አልሽኝ። አይጣልም። ዛሬ ጠዋት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ስከትባቸው ቀይ መብራታቸው ቦግ እልም አለ፤ የዝገትና የአሮጌ ፕላስቲክ ሽታቸው አፍንጫዬን ሲመታኝ ሸራ ተራ የነበረው የአባቴ ሱቅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ቁጭ በይ ልጄ። የሚያሳፍረኝም አለበት፤ እሱንም አልዘልም።

አባቴ ሸራ ሰፊ ነበር። የጭነት መኪና ልባስ፣ የሱቅ ጥላ፣ የድንኳን ጣሪያ ይሰፋል። እኔ ያኔ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነኝ፤ ሸራ እቆርጥለታለሁ። ሱቃችን በር ላይ ነጭ ሸራ ተወጥሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በዚያ ሸራ አልፎ ከጎን ሲገባ፣ ማሽኑ ላይ ያጎነበሰው የአባቴ ፊት መስመሩ ሁሉ ይነበብ ነበር፤ ጉንጩ ላይ ያለው ጠባሳ፣ በከንፈሩ የያዘው ክር ሳይቀር። ፎቶ ማንሳት ማንም አላስተማረኝም። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ሰውን እንደሚያደነዝዘው፣ ከጎን ሲመጣ ግን ሰውየውን ራሱን እንደሚያወጣው ያወቅሁት ከዚያ ሸራ ሥር ነው።

አባቴ የነበረው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የመታወቂያው። ያነሱት ራጉኤል ጀርባ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፍላሹ ግንባሩ ላይ አርፎ ፊቱን እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ አድርጎታል፤ ዓይኑ ፈጧል። አባቴ መታወቂያውን ባወጣ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» ይላል። ቀልዱን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ፎቶ የሚባል ነገር እምቢ አለ። እኔም በልቤ አንድ ነገር ያዝኩ፤ አንድ ቀን አይቶ «እኔ ነኝ» የሚለውን ፎቶ አነሳዋለሁ።

አሮጌ ካሜራና ፍላሽ ገዛሁና ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም።

«ጋሼ፣ ፍላሹን ከካሜራው አውርጄ ከጎን ማብራት ፈልጌ ነበር። እንዴት ነው የሚደረገው?»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «ፍላሽ ከካሜራ አይወርድም።»

«ለምን ጋሼ?»

«ባርኔጣህን ቤት ሰቅለህ በፀሐይ ትሄዳለህ? ሂድ፣ ሸራህን ስፋ።»

ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ሳቁ። እኔም ሄድኩ፤ ሸራ ልሰፋ ግን አልነበረም። የኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹን አንድ በአንድ አሰስኩና ትሪገር የሚባለውን ነገር አገኘሁ። ሁለት ሳጥን ነው፤ አንዱ ካሜራው ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ፍላሹ እግር ሥር። ካሜራውን ስትጫኚ ያለ ምንም ሽቦ ክፍሉ ማዶ ያለው ፍላሽ ይበራል። ሆዳቸው ላይ ሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ አራት ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሩ። ምንድን ናቸው ብዬ ባለሱቁን ብጠይቀው «እነሱን አትንካ፤ እንደመጣ ነው የሚሠራው» አለኝ። ለሚገዛው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር።

እኔ ደግሞ አትንካ የተባልኩትን ሳልመረምር እንቅልፍ አይወስደኝም። ካርቶኑ ውስጥ የነበረችውን ወረቀት ከመዝገበ ቃላት ጋር ሦስት ቀን ታገልኳት። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ የቁጥር መምረጫ ናቸው። ሁለት ፎቶ አንሺዎች አንድ ቦታ ከተገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ፍላሽ እንዳያበራ ቁጥራቸውን ይለያያሉ። ከፋብሪካ ሲወጡ ግን ሁሉም ቁጥር አንድ ላይ ናቸው። ይህን ያዢልኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሱቃችን ውስጥ ነው። ፍላሹን የሸራ ጥቅል ላይ አስቀምጬ ከበር ላይ ስጫን ሱቁ በብርሃን ተሞላ። በር ላይ ያልፍ የነበረ ተሸካሚ ከነጭነቱ ቆሞ «ወንድሜ፣ ያለ ዝናብ መብረቅ?» አለኝ። ሳቅሁ። ማንም ያልሰጠኝ ብርሃን ነበር።

በዚያው ዓመት እህቴ ተዳረች። ሠርጉ አውቶቡስ ተራ ጀርባ ከነበረው ቤታችን ሲሆን ድንኳኑን አባቴ ራሱ ሰፋው። እኔ ላንሳ ብዬ ጠየቅሁት።

«የሙሽራ ወንድም ካሜራ አንጠልጥሎ አይዞርም። እንግዳ ያስተናግዳል። ፎቶ አንሺ የሙሽራው ወገን ያመጣል።»

«አባዬ፣ አንዷን ብቻ። እህቴ ጉልበትህን ስትስም።»

«አልኩ እኮ።»

አባቴ ከዚህ በላይ አይናገርም። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ጠዋት ማንም ሳያየኝ ፍላሼን ሳሎኑ ውስጥ ያለው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩ፤ ፊቱን በነጭ ሸራ ቁራጭ ጋረድኩት፤ ካሜራውን አጠገቡ ደበቅሁ። ስለዚህ ነገር ያኔም አልተፀፀትኩም፣ ዛሬም አልፀፀትም።

የሙሽራው ወገን ይዘው የመጡት ፎቶ አንሺ የራጉኤሉ ጋሼ ሆነው አረፉት። ከብብታቸው ሥር የፍላሽ ማቆሚያ ስታንድ አወጡ፤ ስታንዱ ላይ ፍላሽ ሰቀሉ፤ ከአባቴ ወንበር በስተግራ አቆሙት። ካሜራቸው ላይ ጥቁር ሳጥን ነበረች። ፍላሽ ከካሜራ አይወርድም ያሉኝ ሰውዬ! የመጀመሪያውን ፎቶ ሲያነሱ የእሳቸውም ፍላሽ በራ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው የእኔም በራ። ሰው ሁሉ የእሳቸው መስሎታል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ሁለታችንም ቁጥር አንድ ላይ ነን።

የሚያሳፍረኝ እዚህ ላይ ነው። የእኔን ሁለት ሳጥኖች በጥፍሬ አንድ አንድ ጊዜ ብነካቸው ኖሮ ተለያይተን ነበር። እንዴት እንደሚደረግ ከዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አላደረግሁትም። የካሜራዬን ሳጥን ፈትቼ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሽማግሌው ካሜራቸውን ወደ ዓይናቸው ባነሱ ቁጥር ሳጥኗ ላይ ያለችውን ቁልፍ ቀድሜ እጫናለሁ። ፍላሻቸው ባዶ ቦታ ላይ ያበራና፣ እሳቸው ሲጫኑ ገና ሲ...ል እያለ ኃይል ይሞላል። ፎቶው ጨለማ ይሆናል። ድንጋይ ቀየሩ። ገመድ የሌለውን ነገር ገመዱን ፈለጉ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ወረደ።

«ጋሼ፣ መብራት ሄደብዎ እንዴ?» አለ አንዱ ሚዜ። ሳሎኑ ሳቀ። ያ በፎቶ ቤቱ የሳቁብኝ ሳቅ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ሰማሁት። ጣፈጠኝ፤ አልዋሽሽም።

ጉልበት መሳሙ ደረሰ። አባቴ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እህቴ ቬሏን ሰብስባ ልታጎነብስ ነው። ሽማግሌው ካሜራቸውን አነሱ። አውራ ጣቴ ኪሴ ውስጥ ቁልፉ ላይ ነበር። አባቴ በእህቴ ትከሻ በላይ አየኝ።

«አንተ፣ በሰው ፊት እጅህን ከኪስህ አውጣ።»

ስለ ሥነ ሥርዓት ነው የተናገረው፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። እጄ ግን ሳጥኗን እንደያዘ ወጣ፤ መዳፌ ላይ ቀይ መብራቷ ቦግ እልም ትላለች። ሽማግሌው መዳፌን አዩ፤ የካሜራቸውን ሳጥን አዩ፤ ቀና ብለው ቁም ሳጥኑን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ተጠግተው ማንም በማይሰማው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ከዚያው ሱቅ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አትንካ ብሎህ ነበር?»

«ብሎኛል።»

«እኔንም ብሎኛል።» ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከገባሁ ጀምሮ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

አንድ ቃል ቢያወጡ አባቴ በልጁ ሠርግ፣ በአማቾቹ ፊት ይዋረድ ነበር፤ ያ ስንት ጊዜ ያለምኩት ፎቶም እዚያው ይቀር ነበር። ቆሜ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «ካሜራህ እላይ ነው? አውርደው» አሉኝ። «ጉልበት ሁለት ነው። አንዱን እኔ፣ አንዱን አንተ። በመሀል ፍላሾቹ ይሙሉ።»

ካሜራውን ሳወርድ አባቴ ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ ልጅ ደግሞ...»

«ይተዉት፤ ረዳቴ ነው» አሉ ሽማግሌው። ረዳት ያሉኝ ነገር እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ያን ዕለት ግን እንደ ረዳት አጠገባቸው ቆምኩ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው «የኔ ልጅ፣ ሁለተኛውን ስትስሚ እስክልሽ ድረስ ቀና እንዳትዪ» አሏት።

የመጀመሪያውን ጉልበት ሳመች፤ እሳቸው ተጫኑ፤ ሁለቱም ፍላሾች በሩ። ሁለተኛው ላይ ጎንበስ አለች። የእኔ ተራ ነው። ነገር ግን ፍላሾቹ ገና ይሞላሉ፤ ድንጋዮቻቸውን እኔው ራሴ አድክሜያቸዋለሁና ቀስ እያሉ ነው የሚሞሉት። አንዱ ከቁም ሳጥኑ፣ አንዱ ከግራ፣ ያ ቀጭን ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ሠርግ ላይ ያን ያህል የሚጠብቅ የለም፤ ሚዜ ይጎትታል፣ መኪና ይጠራል። እህቴ ግን ግንባሯን ከአባቴ ጉልበት ሳታነሳ ቆየች። አባቴ መጀመሪያ ግድግዳውን አየ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ ያንን መርፌ ያጠነከረውን እጁን ቀስ ብሎ ቬሏ ላይ አሳረፈ። ክር የሚይዝበት ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«አሁን» አሉ ሽማግሌው።

ተጫንኩ።

ፎቶውን አሳጥቤ ስሰጠው አባቴ ይዞት ወደ በሩ ወጣ፤ ነጩ ሸራ ሥር ቆሞ ብዙ አየው። «እኔ ነኝ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ሁለተኛ ግን እንግዳ ታስተናግዳለህ» አለኝ። ሲሞት ልቅሶው ላይ የቆመው ያው ፎቶ ነው።

ለሽማግሌውም አንድ ቅጂ ወሰድኩላቸውና ጥፋቴን በአፌ ተናገርኩ። የማብሪያ ማጥፊያዎቹን ነገር አስረድቼ «ቁጥሩን ልቀይርልዎት?» አልኳቸው። ሳጥኗን ከእጄ ወሰዷት።

«ተወው። እንደመጣ ነው የሚሠራው።»

ከዚያ በኋላ ስንት ሠርግ ላይ ተገናኘን። እኔ ሥራዬን ስሠራ ፍላሼ ሳልነካው በድንገት ይበራል፤ ፊታቸውን ሳላይ ጋሼ መጡ ማለት ነው። ፎቶ ቤታቸው ፈርሶ ፎቅ ሆነ። ቆይቶ እሳቸውም አለፉ። እኔ ስንት የተሻለ ትሪገር ገዛሁ፤ የእነዚህን ቁጥር ግን አልነካሁም።

አንቺንም እምቢተኛ ናት ይሉሻል። ይበሉሽ። እኔም ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። እምቢታሽን ግን ቁም ሳጥን ላይ አውጥተሽ አስቀምጪው እንጂ ኪስሽ ውስጥ ደብቀሽ አትያዢው፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን ስላደረግሁት ልዩነቱን አውቀዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ድንጋዩን ከከተትኩ በኋላ አሮጌውን ፍላሽ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬ፣ ሳጥኑን ከሥሩ አድርጌ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሲ...ል እያለ ሞላ። ቁልፉን አልነካሁም። ሳልነካው ይበራ እንደሆን ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠበቅሁ።