«ተሳፋሪው ሲጨርስ» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ... ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቢሯችን ልወጣ ቦርሳዬን ሳነሳ ስልክ ጮኸ። አሌክሳንድሪያ ከተማ ካለ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ነው። የደወለችው ሠራተኛ አንድ እናት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው መኪና እየጠበቁ እንደሆነ ነገረችኝ።

የምሠራው አረጋውያንን ሕክምና በሚያመላልስ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ስማቸውን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። እትዬ ውብነሽ ናቸው... ሰባ ያለፋቸው፣ ከእጥበት ሲወጡ መቆም የሚያቅታቸው፣ ግን ቅሬታ የማያውቁ ሴት።

ሲስተሙን ከፈትኩ። የዕለቱ ጉዟቸው «ተጠናቋል» ይላል። በአረንጓዴ።

ሹፌሩን ኮል አደረግኩት። ሌላ ተሳፋሪ ይዞ ርቆ ውድብሪጅ ገብቷል። የእሳቸው ስም ከሊስቱ ላይ ስለጠፋ፣ ሌላ ሰው የወሰዳቸው መስሎት ነበር። የራሴን መኪና አስነስቼ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ...

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ድርጅታችን የኤአይ ኤጀንት የሚሉትን ፕሮግራም አስገባ። ተሳፋሪዎች በአማርኛም ቢሆን ቴክስት ያደርጉለታል፤ እሱ አንብቦ ሥራውን ራሱ ይሠራል። የሚሠራባቸው መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ ጉዞ ይመዘግባል፣ አንዱ ሹፌር ይልካል፣ አንዱ ጉዞ ይዘጋል። መቼ የትኛውን እንደሚያነሳ የሚያውቀው ግን ከእያንዳንዱ ሥር ከተጻፈለት ማብራሪያ ነው። ኤጀንቱን የሠራልን ፕሮግራመር ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይጻፈው ስላለ፣ አለቃችን ለእኔ ሰጠኝ።

ጻፍኩት። በምሳ ሰዓት፣ በአንድ እጄ ሳንድዊች ይዤ።

መንገድ ላይ ለፕሮግራመሩ ደውዬ ኤጀንትህ አብዷል አልኩት። ሪከርዱን አይቶ መልሶ ደወለልኝ። ለካ እትዬ ውብነሽ ስምንት ሰዓት ላይ «ጨርሻለሁ» ብለው ጽፈዋል። ኤጀንቱም ጉዞውን ዘግቶ፣ አመስግኖ፣ መልካም ቀን ተመኝቶላቸዋል።

«ለምን ዘጋው?» አልኩት።

«አንቺ የጻፍሽውን ላንብብልሽ» አለኝ። «ጉዞውን ይዘጋል። ተሳፋሪው ሲጨርስ ተጠቀምበት።»

ሲጨርስ ስል ቤቱ ሲገባ ማለቴ ነበር። እሳቸው ደግሞ እጥበቱን ጨርሻለሁ፣ ኑ ውሰዱኝ ማለታቸው ነው። እሳቸውም አላጠፉ፣ ኤጀንቱም የታዘዘውን ነው ያደረገው... ጥፋተኛ ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ስደርስ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ጃኬታቸውን እንደለበሱ አገኘኋቸው። ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ይቅርታ እየጠየቅኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጻፍኩት እኔ መሆኔንም ጭምር። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ምን ብዬ እንደጻፍኩለት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዱ እንደነበር፣ አዲስ የሚገቡትንም የሚያሠለጥኑት እሳቸው እንደነበሩ አጫወቱኝ።

«ለአዲስ ሰው 'እንግዳው ሲወጣ ክፍሉን አጽጂ' አይባልም፣ ልጄ» አሉኝ። «ቁርስ ሊበላም ይወጣል እኮ። ቁልፉን ከመለሰ ሁሉን አንሺ፣ ሻንጣው ካለ ምንም አትንኪ፣ ካላወቅሽ ደውለሽ ጠይቂ... እንዲህ ነው የሚባለው። እኔም የተማርኩት አንዷ የሰው ሻንጣ ኮሪደር ላይ ደርድራ ስትጠብቀኝ ነው።»

ቤታቸው አስገብቻቸው ልወጣ ስል፣ ማብራሪያውን እንደገና ሳትጽፊው አትሄጂም አሉኝ። እሳቸው ሶፋው ላይ ጋደም ብለው፣ እኔ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ አብረን ሠራነው። «ጉዞውን ይዘጋል። ተሳፋሪው ቤቱ መግባቱን ሹፌሩ ሲያረጋግጥ ብቻ ተጠቀምበት። ገና ክሊኒክ ሆኖ 'ጨርሻለሁ' ካለ አትዝጋ፤ ሹፌር ላክለት። የት እንዳለ ካላወቅህ ጠይቀው።»

«ጠይቀው» የሚለውን ያስጨመሩት እሳቸው ናቸው። እኔ እንዳይረዝም ብዬ ነበር።

«ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ ከመቀመጥ አይረዝምም» አሉኝ።

ዓርብ ፕሮግራመሩ አዲሱን ማብራሪያ አስገባው። ቅዳሜ እትዬ ውብነሽ ከክሊኒኩ ደወሉልኝ። እንደተለመደው «ጨርሻለሁ» ብለው ጽፈው፣ ኤጀንቱ ቤት ገብተዋል ወይስ መኪና ልላክልዎ ብሎ ጠይቋቸዋል። ሹፌሩም ደርሷል። የቀሩትንስ ማብራሪያዎች አስተካከልሽ ወይ አሉኝ። ገና ነኝ አልኳቸው... እየፈራሁ።

ሰኞ አለቃዬ አዲሱን ማብራሪያ አንብቦ በጣም ወደደው። እንዲህ ግልጽ አድርጎ መጻፍ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። «አሌክሳንድሪያ፣ ሆቴል ውስጥ ከሠሩ ሰው» ልለው ብዬ፣ ስልክ ስለጠራብኝ «አሌክሳንድሪያ ሆቴል» ብቻ ብዬው ሮጥኩ።

ሆቴል ውስጥ የተሰጠ የሥልጠና ኮንፈረንስ መስሎታል... በሚቀጥለው ዙር ሁላችንንም ሊያስመዘግበን ነው።