የእትዬ አቼቶ በርሜል

«እትዬ አቼቶ» የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሌሎች ሦስት ሰዎችም እኛ ነን ይላሉ፤ ይበሉ። ስሙን ያገኘችው በኮምጣጣ ፊቷ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ እንጂ ነገሩ ከበርሜሏ ነው።

የወይን እርሻው የአባቷ ነበር። አባትየው ሲሞቱ መሬቱም፣ መጭመቂያውም፣ ቤቱም ለታላቅ ወንድሟ ለጋሼ ሆነ። ለእሷ የደረሳት ከመጭመቂያው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍልና አንድ በርሜል አቼቶ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ልክ እንደ ሕፃን ተንከባከበችው። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ጣቷን ነክራ ትልሳለች። «ዛሬ አኩርፏል» ትላለች፤ ወይም «ዛሬ ደህና ነው» ትላለች። ከሰው ጋር ይህን ያህል ስታወራ አላየሁም። እኔ እዚያ ጠርሙስ አጣቢ ስለሆንኩ ሁሉም ነገር በጆሮዬ ያልፋል።

ወይን ጠጅ የሚቀምሱ እንግዶች በዓመት ሦስቴ ይመጣሉ፤ ወይኑ ሲገረዝ፣ ሲያብብና ሲለቀም። ጋሼ ያን የገለባ ባርኔጣውን ደፍቶ ይሰብካል። «እኛ ጋ ምንም ነገር አይጣልም!» የተገረዘው ቅርንጫፍ ተከትክቶ አፈር ይለብሳል፣ በጎቹ አረሙን ይግጣሉ፣ በጠጣቸው ማዳበሪያ ይሆናል፣ ጠርሙሱ ታጥቦ ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ አሜን ብያለሁ።

ግን ደግሞ ባልዲው አለ። ቀማሾቹ ወይን ጠጁን አፋቸው ውስጥ አንቦጫቡጨው እንትፍ የሚሉበት ባልዲ። ሮዝ አረፋ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ይንሳፈፋል፤ አንዱ ጉንፋን የያዘው ደግሞ ከወይኑ ጋር የራሱን ይጨምርበታል።

ባለፈው የለቀማ ጊዜ እንግዶቹ በጠባቧ ክፍል ተፋፍገው ዳቦ አቼቶ እየነከሩ ይበላሉ። አንዲት ሴትዮ «እንዴት ይጣፍጣል! ምስጢሩ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እትዬ አቼቶ አፍራ ልትመልስ ስትል ጋሼ ቀደማት።

«ምስጢሩማ ምንም አለመጣል ነው! የተፋችሁትን እንኳ አንደፋም። ባልዲውን እዚህ በርሜል ውስጥ ነው የምገለብጠው።»

ማኘክ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን አልክ?» አለች እትዬ አቼቶ።

«ምን አልኩ? ወይን ጠጅ አይደል? ይኮመጥጣላ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሲያብብ ከመጡት ጀምሮ። ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው እህቴ፣ በርሜሉ ጎድሎብሽ ነበር።»

ከአበባ እስከ ለቀማ ስንት ጠዋት እንዳለ እናንተው አስቡት። እጇን አፏ ላይ ጭና ግድግዳውን ተደገፈች። አንድ ሰውዬ ወደ ውጭ ሮጦ በጎቹ መሃል ያስመልሰው ጀመር።

የጋሼ ሚስት ብልጥ ናት። «ውይ፣ ይሄ ሰውዬ ቀልዱ አያልቅም!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እንግዶቹም እፎይ ብለው ሳቁ። ከዚያስ? ዳቦውን መልሰው ነከሩት! አንዷማ ጣቷን ላሰች።

ሚስትየዋ ወደ እትዬ አቼቶ ጠጋ አለች። «ዝም በይ። ምራቅ ከነምናምኑ በአቼቶ ይሞታል። ብትደፊው አስራ ስምንት ዓመትሽን ነው የምትደፊው። ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ።»

መዶሻ አነሳች። የበርሜሉን ውታፍ ከታች መታ መታ አድርጋ ነቀለችው። አቼቶው እንደ ቧንቧ ወጥቶ በእንግዶቹ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ጋሼ በእጁ መዳፍ ሊደፍን ተንበረከከ፤ ልብሱን አበሰበሰው። በመጨረሻ፣ አቼቶው ላይ የምታሳድገው፣ ጉበት የመሰለ ዝልግልግ ቆዳ ቀዳዳው ላይ ተሰነቀረ። አቼቶውን የሚወልደው እሱ ነው። በሁለት ጣቷ ጎትታ አወጣችውና ወለሉ ላይ ጣለችው።

«አባታችን ያየን ይሆን?» አለ ጋሼ ከመሬት ሳይነሳ።

«አይቶ ከሆነ እሱም እያስመለሰው ነው» አለችው።

በማግስቱ ጋሼ ከምርጡ በርሜል አንድ ማሰሮ ወይን ጠጅ ቀድቶ በሯ ላይ አስቀመጠላት፤ እንደገና እንድትጀምር። ከፍታ አየችውና ከድና ገባች። ሦስት ቀን እዚያው ቆየ። በአራተኛው ቀን ዝንብ ወርሶት እኔ ደፋሁት።